የካበ ያፍርስ

መስከረም 28

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ። እንጨት ራሴ እፈልጣለሁ። ሦስተኛ ፎቅ በደረጃ እወጣለሁ፣ አንዴ ብቻ አርፌ። መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ፣ በሁለተኛው ሙከራ... እሺ፣ በሦስተኛው። ይህን የምጽፈው ልጄ "አባዬ፣ እኛ ጋ ግባ፣ ብቻህን አትችልም" ስላለችኝ ነው። ምኑን ነው የማልችለው?

ፊደል ያስቆጠረችኝ ባለቤቴ ናት፣ ነፍሷን ይማር፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ። "ሲከፋህ ጻፈው፣ ሰው ላይ አትጩህ" ትለኝ ነበር።

ዛሬ ድንች ስልጥ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ጋዜጣ ታነብልኛለች። የገበያውን፣ የአየሩን... ከዚያ "አባዬ፣ ይሄ አንተ ድሮ የሠራህበት ተራራ አይደል?" አለች። አምና የጠፋ መንገደኛ አጥንቱ ተገኘ። ከሦስተኛው ሸንተረር በታች፣ ከገደሉ ሥር። ተራራውን ብቻውን በእግሩ ሲያቋርጥ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቱ።

"የድንጋይ ካቦቹን ተከትሎ ሳይሆን አይቀርም ይላል" አለች። "ካብ ተከትሎ ገደል! ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። እጄን የቆረጥኩ መስሏት ደነገጠች።

መስከረም 29

አልተኛሁም።

መስከረም 30

ልጻፈው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ለማንም አላወራሁትም፣ ለባለቤቴም።

የተራራው መንገድ ሠራተኞች አለቃ ነበርኩ። ጉም ሲወርድ መንገደኛ እንዳይጠፋ በየመቶ እርምጃው ድንጋይ እንክባለን። ያ የመንገድ ካብ ነው። ድንጋይ የምናወጣበት ቦታ ራቅ ሲል ደግሞ ራሳችን እንዳንጠፋ ወደዚያ የሚመራ ትንንሽ ካብ እንሠራለን። ያ የሥራ ካብ ነው። ሥራው ሲያልቅ መፍረስ አለበት። ሌላ ሰው አይነካውም። የካበ ያፍርስ፣ ሕጋችን ነው። ስንት እንደሆነና የት እንደሆነ የሚያውቀው የካበው ነዋ።

ሦስተኛው ሸንተረር ላይ የካብኩት እኔ ነኝ። ከመንገዱ ወደ ግራ፣ ወደ ገደሉ አፋፍ። ድንጋዩ ከዚያ ነበር የሚወጣው። በመጨረሻው ቀን አምስቱን አፈረስኩ። አንዱ ቀረ፣ መገንጠያው ላይ ያለው፣ ከመንገዱ ወደ ገደሉ የሚያስገባው። ዕቃ ጭነን ልንወርድ ስንል አንዱ ሠራተኛ "አለቃ፣ ያኛውስ?" አለኝ። ሰው ፊት። "አንተ ነህ እኔን የምታስተምረው?" አልኩት። ረስቼው ነበር። ካስታወሰኝ በኋላ ግን ረሳሁት ማለት ይቻላል? እልህ ያዘኝ። ጥዬው ወረድኩ። ከጉልበት አይበልጥም ነበር፤ አንድ ክረምት ይንደዋል ብዬ።

ያ ሠራተኛ ሞቷል። ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም። ዝም ብል ማን ይጠይቀኛል?

ጥቅምት 2

ሻንጣ አሰርኩ። የሥራ ዘመኔን ድንኳን ስፌቱን ጠገንኩት። ደረቅ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ለውዝ፣ ሻይ፣ ስኳር፣ ትንሿ የጋዝ ምድጃ። ዲጅኖ። አንስቼ ቆምኩ። ተቀመጥኩ። ረጅሙን ዲጅኖ በአጭሩ ለወጥኩ። ግማሹን ሩዝ መለስኩ።

ለልጄ የድሮ ባልደረባዬን ልጠይቅ ነው አልኳት። አማቼ ከጀርባዋ ሆኖ "የትኛውን? ሁሉም አልሞቱም እንዴ?" አለ።

"አንዱ እምቢ ብሏል።"

ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም።

ጥቅምት 5

አውቶቡሱ እስከ ተራራው ግርጌ። ከዚያ በእግር እስከ ማደሪያው ቤት። ድሮ ሦስት ሰዓት ነበር። ዛሬ ሰባት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ።

ስምንት ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ ካርታ። ጠባቂዋ ጎርናና ድምፅ ያላት ሴትዮ ናት፣ ሃምሳ የሚሆናት።

"አባባ፣ ከማን ጋር ነዎት?"

"ከራሴ ጋር።"

"እንግዲያው ሁለታችሁም ነገ ትመለሳላችሁ። አመዳይ ይጥላል ተብሏል።"

"አንዱ ይመለስ ይሆናል።"

ሾርባ ሰጠችኝ። ሳልጠይቃት የዚያን የሞተውን መንገደኛ ወሬ ጀመረች። እዚሁ ነው ያደረው፣ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ ላይ። "የሰው አፍ ደግሞ! ጥጋበኛ ነው፣ ካርታ አያነብም፣ ያላሉት የለም። እናቱ ሦስቴ መጣች። በመጨረሻው 'ማታውን ጠጥቶ ነበር ወይ?' ብላ ጠየቀችኝ። የገዛ እናቱ! ሰው አሳምኗት እኮ ነው።" ከዚያ ዞር ብላ፣ "እርስዎ መንገዱን ያውቁታል?"

"አውቀዋለሁ።"

ሳህኑን አጥቤ መለስኩላት።

ጥቅምት 6

ዳገት ብቻ። ሃያ እርምጃ፣ ዕረፍት። ሃያ እርምጃ፣ ዕረፍት። ከሰዓት በኋላ ሃያው እርምጃ ወደ አሥራ አምስት ወረደ። ውኃው ኮዳ ውስጥ በረዶ ሠራ። ግራ ጉልበቴ አብጧል።

በየመንገዱ የካብኳቸው ካቦች ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንድም አልተናደም። ሠላሳ ሁለት ዓመት! ደረቴ ተነፋ... ወዲያው ነገሩ ገባኝ። የእኔ ካብ አይናድም። ሥራዬ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው ይሄኔ ቤቱ ነው።

ሰው የለም፣ ወፍ የለም። ብቻዬን ስናገር ራሴን አገኘሁት። ለማን ነው የማወራው?

ጥቅምት 7

ደረስኩ።

መጀመሪያ አላወቅኩትም። የእኔ ከጉልበት አይበልጥም ነበር። ይሄ ከራሴ በላይ ነው፣ ወገቡ እንደ በርሜል። ለካ ያለፈ ሁሉ ለመልካም ዕድል እያለ አንዳንድ ድንጋይ ጨምሮበታል። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረዋል። አንዱ የሕፃን ጓንት ትቷል። ትክክለኛው የመንገድ ካብ ወዲያ ማዶ ድንክ መስሎ ቆሟል። ማን ያየዋል?

ወደ ግራ ሄጄ ቆጠርኩ። መቶ አርባ እርምጃ። ከዚያ ምንም። የመጨረሻውን በሆዴ ተስቤ ነው ያየሁት።

ጀንበር እስክትጠልቅ አንድ ክንድ አፈረስኩ። ድንጋዩን በየአቅጣጫው በተንኩት፣ አንድ ቦታ ከተከመረ ሌላ ካብ ይመስላላ።

ጥቅምት 8

በውርጭ ተጣብቀዋል። እያንዳንዱን በዲጅኖ ማላቀቅ ነው። ረፋዱ ላይ ጉም ወረደ። ከጉሙ ውስጥ አንዲት ሴት ወጣች፣ ሻንጣ አዝላ፣ ሁለት ምርኩዝ ይዛ። ጎንበስ አለች፣ ድንጋይ አነሳች፣ ካቤ ላይ አኖረች!

"አንሺው!"

"ምን?"

"አንሺው አልኩሽ!"

"አባቴ፣ ምን ሆነዋል? ሰው ለፍቶ የሠራውን ያፈርሳሉ? ትንሽ አያፍሩም?"

"የራሴ ነው።"

"ተራራው?"

"ካቡ!"

"ይባረክልዎት" ብላ ጥላኝ ሄደች። ወደ ግራ።

ልጮህ ብል ድምፄ እምቢ አለ። ሮጥኩ፣ ሩጫ ከተባለ። መቶ ሠላሳ እርምጃ ላይ ሻንጣዋን ከኋላ ጨበጥኩ። በምርኩዝ ክንዴን አለችኝ። "ልቀቀኝ! ምንም የለኝም!" ቀማኛ መስያታለሁ።

"ገደል ነው።"

"ካቡ በዚህ ነው የሚለው!"

"ካቡ ይዋሻል። የካብኩት እኔ ነኝ። ሰው ገድዬበታለሁ።"

ወጣ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የታፈነው እንዲህ ነው የወጣው፣ ለማላውቃት ሴት፣ በጉም መሀል፣ እያለከለክሁ።

ድንጋይ አንስታ ወደፊት ወረወረች። ሁለታችንም አደመጥን። ሲያርፍ አልተሰማም። ዘፍ ብላ ተቀመጠች። "ነርስ ነኝ" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ተነስታ ላግዝዎት አለች። የካበ ያፍርስ አልኳት።

"ሞኝነት ነው።"

"ሕግ ነው።"

"የማን? ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቀዋል?"

ትክክለኛውን መንገድ አሳይቼ ወደ ማደሪያው ሸኘኋት። ከሩቅ ዞር ብላ "ግትር ሽማግሌ!" ብላ ጮኸች። አልዋሸችም።

ጥቅምት 9

አመዳይ ጣለ፣ በረዶው እንደ ጥጥ ይወርዳል። ትልቁ ድንጋይ አዳልጦት ቀኝ እግሬ ላይ ወደቀ። ጫማው ውስጥ ይሞቃል፣ ደም ነው። ካቡ ገና ወገቤ ድረስ ነው። ተቀምጬ አፈርሳለሁ።

ሁለት ድንጋይ። ከዚያ አንድ። ጣቴ አይታዘዝም። ጋዙ አለቀ። አመዳዩ ትንሹን የመንገድ ካብ ሸፍኖታል፣ የሚታየው የእኔው ብቻ ነው። አሁን ሰው ቢመጣ ወዴት ይሄዳል?

ይህን ደብተር የምታገኝ ሰው፦ ዲጅኖው ያለበት ካብ ሐሰት ነው። አፍርሰው። እኔ አልጨረስኩትም። እባክህ።

"እባክህ" ብዬ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ።

ጥቅምት 11

ማደሪያው ቤት ነኝ። በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ ላይ አስተኙኝ። ተነስቼ ሌላ ላይ ልተኛ ብል እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

ትናንት ነው የደረሱት። ነርሷ፣ ጠባቂዋ፣ ቃሬዛ የያዙ ሁለት ሰዎች። ነርሷ ስትወርድ ነግራቸው ኖሯል። ሲያነሱኝ "ካቡ ሳይፈርስ አልሄድም" አልኳቸው።

"አባባ፣ እግርዎ ጠቁሯል እኮ!" አለች ጠባቂዋ።

"አፍርሱልኝ።"

ተያዩ። ጠባቂዋ ማፍረሱ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ነርሷ እሱንም ነግራታለች ማለት ነው። ዓይኔን ሳታይ ጓንቷን አጠለቀች። አራቱም ገቡበት። ቃሬዛው ላይ ተጋድሜ አየሁ። ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ሩብ ሰዓት! እኔ ሦስት ቀን ሙሉ... መሬቱ ሲጸዳ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ፊቴን ወደ ድንኳኑ አዞርኩ።

ሌሊቱን ጠባቂዋ እግሬን ስትጠቀልል አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። "ያን ዕለት ሾርባ ሲጠጡ ለምን ዝም አሉኝ?"

ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩ።

ጥቅምት 27

ልጄ ቤት ነኝ። ሦስት ጣት ከቀኝ እግሬ ተቆርጧል። አማቼ አዝሎኝ ነው የገባው። ቀልድ አልቀለደም፣ ይሄ ነው ያስፈራኝ።

ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ሻይ አምጥታ፣ ሳትቀመጥ፣ "እናቴ ታውቅ ነበር?" አለች።

"አታውቅም።"

"ይሻላታል" አለችና ወጣች።

ዕዳዬን ልጻፍ። ማንም እንዲከፍልልኝ አልፈልግም።

ለነርሷ ይቅርታ አለብኝ፣ ሻንጣዋን ጎትቼ አስደንግጫታለሁ፣ በኋላም አባርሬያታለሁ። ምስጋና ጭምር። ለጠባቂዋ ያልመለስኩት መልስ አለ፤ ስሻል ወጥቼ እነግራታለሁ፣ ፈርቼ ነው ብዬ። ይሄን ቃል ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ለልጄ ዋሽቻታለሁ። ይህ በአንድ ቀን አያልቅም፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው። ያ ሠራተኛ ሞቷል፣ የእሱ አይከፈልም። ተሸክሜው እሄዳለሁ።

የሰውዬው እናት ቀረች።

አድራሻዋን ከጠባቂዋ አግኝቻለሁ። ልጄ "እኔ ልደውልላት" አለች። አማቼ "ደብዳቤ ይሻላል፣ እርስዎ ይበሉ፣ እኔ እጽፋለሁ" አለ። ደግ ናቸው። አይሆንም። ከዚህ ደጅ እስከ ፌርማታው ሦስት መቶ ሃያ እርምጃ ነው። ዛሬ በክራንች ሰባ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ሁለት አውቶቡስ፣ አንድ ደረጃ። ልጅሽ አልጠጣም ነበር እላታለሁ። ከዚያ የምትለኝን እሰማለሁ። ተቀመጥ ብትለኝም አልቀመጥም።