ሽንኩርት ያልገባበት ወጥ

ይድረስ ድሬዳዋ ላለሽው ለታላቅ እህቴ ለፋናዬ። ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? ልጆችሽስ? እኛ ጅቡቲዎቹ ከወበቁ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን።

የምሠራበት ላቦራቶሪ ከሽንኩርት ወደ ሰውነት የሚገባውን ፍላቮኖይድ የተባለ ንጥረ ነገር የሚለካ ጥናት ጀምሮ ነበር። ፈቃደኞቹ ለአንድ ሳምንት ሽንኩርት የነካው ምግብ አይቀምሱም፤ ከዚያ ሽንታቸውን ማስ ስፔክትሮሜትር በሚባለው መሣሪያ እንለካለን። ባሌ ሀይለየሱስም እኔም ልግባ ብሎ ገባ። እኔ ምስኪኗ በርበሬና ዘይት ብቻ አቁላልቼ ወጥ ነው ብዬ ሳቀርብለት፣ ሁለቴ ጎርሶ «ስሠራ የምውልበት የዶራሌ ወደብ ሙቀት የምግብ ፍላጎቴን ዘጋው» እያለ ይነሳል። ሱሪው ግን ጠቦታል።

የእሱ ናሙና ሲለካ ሽንኩርቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። መሣሪያውን አጽድቼ ደገምኩት፤ ያው ነው። ብጠይቀው «ካንቺ እጅ ሌላ አልቀመስኩም» ብሎ በቁልቢው ገብርኤል ማለልኝ። እንግዲህ መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናላ።

ጥናቱ ካለቀ ወር አለፈው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ወጡን ያለ ሽንኩርት ነው የምሠራው፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። በሰላም ያገናኘን።

እህትሽ ሰብለወርቅ፣ ከአርሂባ