የውሸቱ ፕሮዲዩሰር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጋምቤላ

ዛሬ በገዛ ቀልዴ አፈርኩ። ጓደኛዬ ኦጁሉ ዘፈኑን ራሱ ይቀዳል፤ እኔ በፍላሽ ለባጃጅ ሾፌሮች አድላለሁ። ከተማው ዘፈኑን የሚሰማው በባጃጅ ነው።

ጠዋት በአዲስ ሲም ደወልኩለት። ድምፄን አወፍሬ፣ «ከአዲስ አበባ ነው፤ የትልቅ ሙዚቃ ድርጅት ፕሮዲዩሰር ነኝ። ልናስፈርምህ ነው» አልኩት።

«እሺ ጌታዬ፣ እሺ» እያለ ሲንተባተብ ሳቄን በትራስ አፈንኩ። አልበቃኝም። «ግን ያንን ፍላሽ አዳይ ትተወዋለህ፤ ቀልማዳ ነው አሉ» አልኩት።

አሁን አልተንተባተበም። «ማንም ሳያውቀኝ ዘፈኔን ይዞ የዞረው እሱ ነው። እሱን ከተዋችሁት እኔም ይቅርብኝ» ብሎ ዘጋው።

ከሰዓት ባሮ ወንዝ ዳር አገኘኝ። ስለ እኔ በስልክ ያለውን አላነሳም።

«አንተ ቀልደኛ፣ ዛሬ እንኳ ቁም ነገር አውራኝ። ድርጅት ሊያስፈርመኝ ፈልጎ እምቢ አልኩ። አጠፋሁ እንዴ? መልሼ ልደውል?»

ሲሙ ኪሴ ውስጥ ነበር። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«አትደውል ባክህ። በራሳችን ይሻለናል» አልኩት።

«አንተ ካልክ እሺ» አለና አጠገቤ ቁጥሩን ከስልኩ አጠፋው።