የጉበይራው ቤት ቁልፍ

ጥር 8 ቀን 2007፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ደብተሬ፣ ሰይድ ዛሬም ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ነው የመጣው። ሊ/መንበራችን። ማኅበሩ እዚህ ዓረብ አገር፣ ጉበይራ ሰፈር የተከራየው የሴቶቹ ቤት አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ሰይድ ኪስ ውስጥ። አሠሪ ያባረራት፣ አምልጣ የወጣች፣ ዓርብን ዕረፍት ያገኘች፣ ሁሏም ደጅ ቆማ የምትጠብቀው እሱን ነው። እሱ ደግሞ ዑለያ ሰፈር የሰው ሹፌር ነው። ሲመቸው ይመጣል።

ከትልቁ የስደተኞች ማኅበር የተገነጠልንበት ሁለተኛ ዓመት ስለሆነ ንግግር አድርግ አለኝ። አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ለጌጥ የፈለገኝ ነው። ስለ አፍሪካ ነፃነት ይሁን፣ ሞቅ ይበል አለ። አሞቅኩለት። ነጩ ገዢ ሲወጣ ነፃ አውጪው ቤተ መንግሥት ገባ፤ መጋረጃውን እንኳ አልቀየረም አልኩ። እስር ቤቱ ያው፣ ቁልፉም ያው። ምርጫ ሲሉት ጊዜው አይደለም፣ ጠላት አለ ይላል። አሥረኛ ክፍል ሳስተምር አንድ ተማሪ፣ ታዲያ ነፃ የወጣው ማነው ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ያንንም ጨመርኩ።

የሰይድ ፊት ጠቆረ። ሌላው ሳቀ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሽሃለሁ።

ጥር 11፣ ሰኞ፣ ማታ

ዛሬም ዐዚዚያ፣ የምሠራበት ጋራዥ። ጎማ ስፈታ፣ ጎማ ስገጥም። ወገቤ የለም። ሰይድ ሰው ልኮብኛል። የሁለት ዓመት ዘመኑ ማለቁን ያውቃል፤ ግን ወረቀት የሌለውን የሚለቅመው የፖሊስ አፈሳ ስለበረታ ምርጫው ይቆይ ነው የሚለው። አፈሳ መቼ ላልቶ ያውቃል? ከትልቁ ማኅበር ሹሞች ነፃ ያወጣኋችሁ እኔ ነኝ ይላል አሉ። አውጥቶናል። ማን ካደ? እኔም ከጎኑ ቆሜ ጮኬያለሁ። ለዚያ ነው ይበልጥ የምጠላው።

ጥር 15፣ ዓርብ

መተዳደሪያ ደንቡን ይዤ ገባሁ። በሴቶቹ ድምፅ ተጣላን። የሰው ቤት የሚሠሩት መውጣት ስለማይችሉ ምርጫቸውን በስልክ፣ በድምፅ መልእክት ይልካሉ። የሚልኩት ለሰይድ ብቻ ነው። እሱም ሁሉም እኔን ብለዋል ይለናል። ለጅብ ሥጋ አደራ ሰጥተን ኖረናል።

ሼህ እንድሪስ፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት፣ ገላገሉን። ምርጫው የሚመጣው ዓርብ ይሁን፤ መልእክቱ በሙሉ በሰው ፊት ይሰማ አሉ። የእኔ ሐሳብ ነው ያለፈው። እኔም እወዳደራለሁ አልኩ። ሰይድ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ይውጣ።

ጥር 22፣ ዓርብ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ነድጃለሁ፣ ደብተሬ።

ሼህ እንድሪስ የሰይድን ስልክ ተቀብለው ድምፁን ከፍ አድርገው የመጀመሪያውን መልእክት አሰሙ። ፋጡማ! የገዛ እህቴ። አሠሪዋ፣ ማዳሟ፣ እንዳትሰማት በሹክሹክታ።

«ወላሂ ወንድሜን እወደዋለሁ። ግን አባባ የሳጥኑን ቁልፍ ለሳምንት ያዝልኝ ቢለው ዓመት ነው የያዘው። እኔ ሰይድን ነው የምለው። ኸላስ፣ በቃ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሼህ እንድሪስ ሳይቀሩ። ደንቡን አስከብሬ፣ ይሰማ ብዬ ተከራክሬ፣ በራሴ ላይ አሰማሁት።

ያም ሆኖ በሦስት ድምፅ በለጥኩት። ሰይድ ቁልፉን ሲያስረክበኝ፣ አስቀርጸነው ሦስት አራት ሰው ጋ ይቀመጥ አለ። ዛሬ ታየው? ሁለት ዓመት ሙሉ የት ነበር? በጓሮ በር ሊገዛን ነው። አሁን ጊዜው አይደለም አልኩት። ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አሰርኩ።

ለፋጡማ አልደወልኩም። አልደውልም።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

ፋጡማ ደወለች። አላነሳሁም። ይቅርታ ልትጠይቅ ይሆናል። ትንሽ ትቆይ።

ጥር 28፣ ሐሙስ፣ ማታ

ከመኪና ሥር ስወጣ ስልኬ ላይ አሥራ አንድ ጥሪ። ዘጠኙ የፋጡማ፣ ሁለቱ የሰይድ።

ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታለች። የማዳሟ ልጅ እጁን አንስቶባታል። ማክሰኞ የደወለችው ልጁ ያስፈራራኛል ልትለኝ ነበር። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ፣ በስሙ ያስመጣት ከፊሏ ጋ ቀርቷል። ያለ ወረቀት፣ ጉበይራ፣ በተዘጋ በር ፊት አራት ሰዓት ቆመች። ቁልፉ ዐዚዚያ፣ እኔ አንገት ላይ። የፖሊስ መኪና ሁለት ጊዜ አልፏል። ሦስተኛው ሳይመጣ ሰይድ ሥራውን ጥሎ ደረሰና ከኋላ ወንበር አስቀመጣት። በሩን ሊከፍትላት አይችልም። ከልክዬዋለሁ።

ስደርስ ሰይድ አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በሩን ከፈትኩ። ፋጡማ ሳታየኝ አለፈች፤ ደፍ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። ጊዜው አይደለም ማለቴን ሰይድ መኪናው ውስጥ ነግሯታል መሰለኝ።

«አሁንስ ጊዜው ነው?»

አፍሬያለሁ፣ ደብተሬ። ያ ተማሪ ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር?

ጥር 29፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ቁልፍ ቀራጩ ከጁምዓ በፊት አይከፍትም። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሦስት አስቀረጽኩ። አንዱን ለሼህ እንድሪስ፣ አንዱን ለፋጡማ ሰጠሁ። ፋጡማ ተቀብላ ወደ ቤቱ ገባች። ደንቡ ላይ አንድ መስመር አስጨምሬያለሁ። ዘመኑ ያለቀ ሊ/መንበር ምንም ሰበብ ቢያመጣ አይሰማም። ከሥሩ ፈርሜያለሁ።

ሦስተኛውን ለሰይድ ዑለያ ድረስ ወሰድኩለት። ተቀበለኝና በጣቱ ያሽከረክረው ጀመር፤ ልክ እንደ ድሮው። ደሜ ፈላ። ልነጥቀው እጄን ሰንዝሬ መለስኩት። ሰይድን አሁንም እጠላዋለሁ። ቁልፉ እሱ ጋም ይቀመጣል።