ባለ ሸራዋ ፊያት

ከሚሴ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2003 ዓ.ም.

ልጄ ዓዲላ፣ ያይኔ ማረፊያ፣ አሰላሙ ዐለይኪ። የሻርጃው ሙቀት በረድ አለልሽ ወይ? አሠሪዎችሽስ ልባቸው ራራ? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ወደ ሱጁድ ስወርድ ብቻ ቀኝ ትከሻዬን ይይዘኛል። ጨፋ ላይ ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ስለምትዘጊብኝ ነው። ባለፈው "አባ፣ የመኪናዋ ወሬ ከሆነ ካርዴን አታስጨርሰኝ" አልሽኝ። ወረቀት አይዘጋምና ሀዲጃ ወደዚያ ስትመለስ በእጇ ልኬልሻለሁ።

"ያቺ መኪና እግቢው ውስጥ እያለች ለአረፋም አልመጣም" ካልሽኝ ጀምሮ ገዢ ስፈልግ ከረምኩ። ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ የድሮ ፊያት ከሚሴ ላይ ማን ይገዛል? አንዱ ባለ ባጃጅ "ያ እንድሪስ፣ ሦስት ሰው የማትጭን መኪና ምን ትሠራለች?" ብሎ ሳቀብኝ። ጎረቤታችን መሪየም ደግሞ በየማለዳው "አካም ቡልቴ" ካለችኝ በኋላ "ዶሮ አሳድርባት እንጂ" ትለኛለች። በመጨረሻ አንድ የደሴ ሾፌር፣ አዲስ አበባ የድሮ መኪና እያደሱ እሑድ እሑድ ተሰብስበው የሚነዱ ሰዎች አሉ ብሎ ኢንጂነር አሚር ከሚባል ሰው ጋር በስልክ አገናኘኝ።

መስከረም አጋማሽ ላይ መጣ። መኪና ሊነካ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሰው ያየሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ነው። ገና ከበሩ "ማሻአላህ!" አለ። ዙሪያዋን ዞሮ፣ በሯን ከፍቶ ዘጋና የአዘጋጉን ድምፅ አዳመጠ። ቀጥሎ ኮፈኑን ከፈተ፤ ፊቱ ወዲያው ጠቆረ።

"ጋሼ፣ ይሄ ካርቡራተር የእሷ አይደለም።"

"አይደለም። የላንድሮቨር ነው።"

"ላንድሮቨር! ለሙሽራ የወታደር ጫማ አጥልቀውላት!"

"ባዶ እግሯን ከምትቀር ነዋ።"

"የፊት መብራቱስ?"

"የአይሱዙ።"

"ወለሉ?"

"የዘይት በርሜል ላሜራ። እኔው ነኝ የቀጠቀጥኩት።"

"ገደሏት እኮ ጋሼ!"

ደሜ ፈላ። "ግባ!" አልኩት። ሸራውን ገልጠን ወደ ጨፋ ይዤው ነዳሁ። አንድም ጊዜ ሳትስል፣ ከብቱን እየከፈለች ሄደች። ሰውየው ነፋሱ ፊቱን ሲመታው እንደ ሕፃን ይስቃል። ስንመለስ ግን ጓንቱን አውልቆ፣ "አነዳዷን ወደድኩት። ዋጋ ያላት ግን ገላዋ ብቻ ነው። እርስዎ የሠሩትን ሁሉ ፈትቼ እጥላለሁ፤ ዕቃዋን ከጣሊያን አስመጥቼ ከፋብሪካ እንደወጣችው አደርጋታለሁ። በዚህ ከተስማሙ ልውሰዳት" አለኝ።

ዓዲላ፣ እንዴት እንደተናደድኩ! ከጨፋው የመንግሥት እርሻ ግቢ ከውድቅዳቂ ብረት ጋር ስትጣል ያነሳኋት እኔ። አሥራ አንድ ዓመት ያለ ዕቃ፣ ያለ መጽሐፍ ነፍስ የዘራሁባት እኔ። "ያልሮጠች እንጂ የሮጠች መኪና ሞተች አይባልም፤ ውጣልኝ!" ብዬ አባረርኩት።

ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ልጄ ትምጣልኝ ብዬ ገዢ የጠራሁ ሰው፣ ገዢው ሲመጣ ለምን አባረርኩት? ሰላት ላይ ቆሜ ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ ይጠፋኛል። መልሱ የመጣልኝ ጁምዓ ዕለት ከመስጊድ ስመለስ ነው። የናቀው ያን ካርቡራተር ነበር፤ እኔም የተሟገትኩለት ለእሱ ነበር።

አንቺ የምታውቂው፣ የምትሠራውን ላንድሮቨር አፍርሼ ለማትሠራዋ ፊያት እንደሰጠሁ፣ እናትሽ በታመመችበት ቀንም ላንድሮቨሯ ያለ ካርቡራተር ቆማ እንደነበረ ነው። ይህን ለቀስተኛው ሁሉ ያውቃል። ያልነገርኩሽ ሌላ ነው። አንቺ ኮምቦልቻ ትምህርት ላይ ነበርሽ። ፋጡሜ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ሆዷን ይዛ ወጥታ "አስፋልት ወጥተህ መኪና አስቁምልኝ" አለችኝ። አስፋልቱ ከበራችን ሁለት መቶ እርምጃ ነው። እኔ "አሥር ደቂቃ ብቻ ታገሺኝ፣ መልሼ እገጥመዋለሁ" አልኳት። የካርቡራተሩን እግር ለፊያቷ እንዲሆን ሞርጄው ስለነበር ላንድሮቨሯ ላይ ሲመለስ ቤንዚን ያፈሳል። ካርቶን ቆርጬ አስገባሁ፣ ሳሙና ለቀለቅኩ፣ እንደገና ፈታሁ። ስጀምር የቀትሩ የዙህር አዛን ይባል ነበር፤ ቀና ስል ሦስት ሰዓት አልፎ የአስር አዛን ሆነ። ወደ ደሴ የሚያልፉትን ሚኒባሶች ጡሩምባ እሰማ ነበር። እናትሽ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሦስተኛ አልጠየቀችኝም።

ከቀብሩ በኋላ ላንድሮቨሯን ሸጥኳት፤ ካርቡራተሩን ግን ፊያቷ ላይ መልሼ ገጠምኩት። ፊያቷ ከሮጠች ያ ቀን በከንቱ አልሄደም ልል ፈልጌ ነው መሰለኝ። ሮጠች። ምንም አልተለወጠም።

ለኢንጂነሩ ደውዬ "አፉ በለኝ፣ እንደፈለግህ አድርገህ ውሰዳት" አልኩት። ማክሰኞ ሰዎቹን ይዞ መጣ። የማይፈልገውን ሁሉ እግቢው ውስጥ ፈትቶ ደረደረልኝ። ካርቡራተሩን ሲፈታ "ለማስታወሻ ያስቀሩት ጋሼ" ብሎ ዘረጋልኝ። "እሱን ሳልይዘውም አስታውሰዋለሁ፤ ከተደረደረው ብረት ጋር ውሰደው" ብዬው ለሰላት ውዱ ላደርግ ሄድኩ። ስመለስ ጭነዋት አስፋልቱን ይዘዋል።

መሪየም ያንቺን ክፍል ለቅልቃልኛለች። አልጋሽንም ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ።

ልጄ፣ አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ ላብሽን በረካ ያድርግልሽ፤ የእናትሽን ቀብር ኑር ይሙላው። ለአረፋ አንድ ወር ቀርቶታል። መኪናዋ ከግቢው ወጥታለች። ከእንግዲህ ሳትመጪ ብትቀሪ፣ ምክንያቱ እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ይህንንም አውቄው ነው የጻፍኩልሽ።

አባትሽ እንድሪስ