እርጥብ ጠፍር

ረቡዕ፣ ኅዳር 3፤ ኦሞራቴ፤ ከጧቱ 3 ሰ.

ሸራ የሚሰቀልበት የጀልባው ምሰሶ ሁለተኛ ቅብ አለቀ። እጄ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። ፀሐዩ ገና በማለዳው ይፋጃል፤ ጂንካ ቢሆን በዚህ ሰዓት ሹራቤን አላወልቅም ነበር።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ዛሬም ስለ ወንዙ ልነግርህ ነው። ቡናማ ነው። ሆዱ አይታይም። እኔ ባደግሁበት በወላይታ መንደር ውኃ ማለት በጀሪካን የሚመጣ ነገር ነበር። አራት ዓመት ተምሬ ማንበብና መጻፍ ቻልሁ፤ ዋና ግን ማንም አላስተማረኝም።

ጀልባው የሚስተር ያን ነው። ሸበቶ ፈረንጅ፤ ድሮ አገራችን ውስጥ ሠርቶ ስለነበር አማርኛ ይናገራል፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላል። በሙቅ ባሕሮች ላይ ከደሴት ደሴት በሸራ ጀልባ ሲዞር የኖረ ሰው ነው። አሁን ደግሞ ኦሞን ወርዶ፣ ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አፍ ላይ በፈጠራቸው ደሴቶች መካከል አልፎ፣ ከዳሰነች ሰዎች ጋር ሊሰነብት ይፈልጋል። የብረት ምሰሶው ወይጦ ላይ ከአይሱዙ ወድቆ ስለተጣመመበት ጂንካ፣ እኛ እንጨት ቤት መጣ። አዲሱን ምሰሶ እኔ ሠራሁለት። አሠሪዬ ጋሽ ብርሃኑ ታዲያ፣ የሠራው ሰው አብሮ ይሂድ፣ አለ።

እሺ አልሁ። ሰው ፊት እምቢ ማለት ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5፤ ከቀኑ 8 ሰ.፤ ወንዙ ላይ

ውኃ ላይ ነን። ሁለት እጄ ጀልባውን ይዟል፤ ይህን የምጽፈው ዳር ስለቆምን ብቻ ነው። ሸራው ገና አልተዘረጋም፤ ወንዙ ራሱ ይወስደናል። ለክፉ ቀን ትንሽ ሞተር አለች።

ሦስት ነን። ሦስተኛው ሎቡዋ ነው፤ መንገድ መሪያችን፤ ዳሰነች። ከብቶቹ ካለቁበት ወዲህ በዓሣ ይተዳደራል። ጎሳው የውኃና የአዞ ጎሳ ነው ይላሉ። ስንነሣ በእፍኙ ውኃ ቀድቶ፣ ጠጥቶ፣ ወደ ወንዙ እፍ ብሎ መለሰው። አዞ ይሰማዋል አሉ። እኔ በልቤ ጸለይሁ። ሁለቱም ይጨመርልን።

ስድስት ሰ. ላይ አየሁት። ግንድ መስሎኝ ነበር። ግንዱ ዓይኑን ገለጠ። ጮኽሁ መሰለኝ፤ ሎቡዋ እስኪያነባ ሳቀ።

«አናጢ፣ አትፍራ! አንተ ቀጭን። አዞ አንተን ቢያገኝ ጥርሱን ይጎረጉርብሃል እንጂ አይበላህም!»

ሚስተር ያንም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ከጀልባው መካከል አልተነሣሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፤ ከጧቱ 1 ሰ.

የአዞው ነገር ቀላል ነበር።

ምሰሶው ተሰንጥቋል። ከሥሩ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር። የጥፍሬ ጫፍ ይይዘዋል። ማንም አላየም።

ምክንያቱን ዐውቃለሁ፤ የሚያስፈራኝም ማወቄ ነው። የሠራሁበት ባሕር ዛፍ እርጥብ ነበር። ጂንካ ቤት ስንሠራ ዛሬ የቆረጥነውን ዛሬ እናቆማለን፤ ቆርቆሮው ይጫነዋል፣ ምስማሩ ይይዘዋል፣ ቀስ ብሎ ግድግዳው ውስጥ ይደርቃል። ምሰሶውን እንደ ቤት ቋሚ አየሁት። ይህ ሐሩር ግን በሦስት ቀን ውስጥ እርጥበቱን መጠጠው።

መናገር አለብኝ። ብናገር ጋሽ ብርሃኑ ዘንድ ይደርሳል። በእርሱ እንጨት ቤት ውስጥ ነው የምተኛው፤ ጂንካ ውስጥ ሌላ ጣራ የለኝም።

ነገ እናገራለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ከቀኑ 10 ሰ.፤ ደሴቱ

አልተናገርሁም።

ደርሰናል። ደሴት የምለው ይህ ቦታ ቀድሞ ሜዳ ነበር አሉ። ሐይቁ እየሞላ መጥቶ ሣሩን ዋጠው፤ ከፍ ያለው መሬት ብቻ ቀረ። ጎጆዎቹ ተጠጋግተዋል። ከውኃው ውስጥ የደረቁ ዛፎች ቅርንጫፍ ብቅ ብሏል፤ ወፍ ሰፍሮበታል። ትልልቆቹ ከብቶች በዋና ወደ ደረቁ ዳርቻ ተሻግረዋል። ጥጆቹ አቅም ስለሌላቸው እዚህ ቀርተዋል፤ ደንገል እየነጩ ይበላሉ። የጎድን አጥንታቸው ይታያል።

የሎቡዋ ታላቅ እኅት ተቀበለችን። ረጅም ሴት፤ ስትስቅ ድምፅዋ ውኃውን ይሻገራል። የሚስተር ያን ጢም ይዛ፣ ይህ ፍየል ከየት መጣ፣ አለች። ሎቡዋ ሲተረጉምለት ፈረንጁ እንደ ፍየል ጮኸላት። ሕፃናቱ በሳቅ ተንከባለሉ። ለጥቂት ጊዜ ፍርሃቴን ረሳሁት።

ከዚያ ቆዳውን አየሁ። በዋና ላይ የሰጠመባቸው በሬ ቆዳ ነው፤ በችካል ተወጥሯል። ወዲያው አባቴ የሚሠራው የጠፍር አልጋ ትዝ አለኝ። ጠፍር እርጥቡን ሲጠመጠም ለስላሳ ነው፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን እንደ ብረት ያንቀዋል። አንድ ረጅም ጠፍር እንድትሰጠኝ ለመንሁ። ሳታመነታ በቢላዋ ቀድዳ ሰጠችኝ፤ ከመስጠቷ በፊት እፍ አለችበት።

ውኃ ነክሬ ስንጥቁ ላይ ጠመጠምሁት። እንጨቱ ታሟል ወይ፣ ብላ አስጠየቀችኝ። ለጌጥ ነው አልሁ። ሚስተር ያን በጣም ወደደው፤ ፎቶ አነሣው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ከጧቱ 4 ሰ.

ደረቀ! በጣቴ ስመታው እንደ ከበሮ ይጮኻል። ስንጥቁ ገጥሟል፤ ቢላዋ አያስገባም። እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ ዓሣ በላሁ፤ ሁለት ጊዜ አስጨመርሁ። ሎቡዋ፣ አናጢው ሆድ አለው ለካ፣ አለ።

የዚያው ዕለት፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ሌላ ነገር መጣ።

ሎቡዋ አስቀምጦ አስረዳኝ። በእነርሱ ዘንድ የከብት ቆዳ ከሰው እጅ የተቀበለ እንግዳ ለቤቱ ወዳጅ ይሆናል፤ የከብቱ ጭንቅ የእርሱም ጭንቅ ነው። ስትሰጠኝ እፍ ያለችው ለዚህ ነበር። አሁን እኅቱ ወዳጇን ትጠይቃለች፦ ሐሙስ ጧት ጥጆቹን በጀልባው አሻግርልኝ። በደንገሉ መካከል መንገድ አለ፤ ውኃው ጸጥ ያለ ነው፤ ሸራም አያስፈልገው፤ ሞተሯ ትበቃለች። ከሐሙስ ካለፈ ጥጆቹ የሚቆሙ አይመስላትም።

እርሷ ፊቴ ቆማ ታየኝ ነበር። እሺ አልሁ።

ወደ ጀልባው ስመለስ ሚስተር ያን ካርታውን ዘርግቶ ጠበቀኝ። የሐሙስ ጧት ነፋስ መልካም ነው፤ ደንገሉን ትተን በሐይቁ ገላጣ ላይ እስከ ሩቁ ደሴት እንሄዳለን፤ እዚያ ጥቂት ዓሣ አጥማጆች አሉ፤ ምሰሶሽ ይችላል አይደል፣ አለኝ።

እሺ አልሁ።

ሁለት እሺ፣ ለአንድ ጧት። ጀልባው አንድ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፤ ከቀኑ 7 ሰ.

የረጠበ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ነው የምጽፈው።

ለሙከራ ሸራውን ዘርግተን ወደ ገላጣው ወጣን። ነፋሱ ሲይዘን ጀልባው ወደ ጎኑ አዘነበለ። ሚስተር ያን ዘፈነ። እኔ ዓይኔን ከምሰሶው አልነቀልሁም። የመጀመሪያው ማዕበል ፊታችንን መታ፤ ሁለተኛው ምሰሶውን አለበሰው። ሦስተኛው፣ አራተኛው።

ጠፍሩ ረጠበ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? የአባቴ አልጋ ጣራ ሥር ነበር። በጠፍር የታሰረ አልጋ ዝናብ ላይ ቢያድር ማግስቱን ይረግባል፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። እኔ ግን ማሰሪያውን ወደ ውኃ ይዤው ወጣሁ። ዓይኔ እያየ ለሰለሰ፤ እንደ ጨርቅ ተንሸራተተ። ስንጥቁ ነፋስ ሲመጣ ይከፈታል፣ ነፋስ ሲለቅ ይዘጋል። እንደ አፍ። ድምፅም አለው።

ሚስተር ያን ከኋላ ሆኖ መሪውን ይዞ ስለነበር አላየም። ሎቡዋ አየ። ጠፍሩን አየ፤ እኔን አየ። መሳቁን ተወ። ስንመለስ ጎኔ ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«አዞ የእኛ ጎሳ ነው፤ አነጋግረዋለሁ። ነፋስ የማንም አይደለም። ነፋስን ማን ያነጋግረዋል?»

ጀልባው ዳር ሲደርስ ወርዶ ሄደ። ይነግርብኛል ብዬ ብጠብቅ አልነገረም። ለእኔ ተወልኝ። ቢነግርብኝ ይሻል ነበር።

የዚያው ዕለት፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ሚስተር ያን ገመድ ሲጠቀልል፣ ባሕር ላይ ፈርተህ ታውቃለህ ወይ፣ ብዬ ጠየቅሁት። አፌ ላይ ሌላው ነገር ነበር፤ የወጣው ይህ ሆነ። ሁልጊዜ፣ አለኝ። ጧት ጧት ፈርቶ ነው የሚነሣው። አንድ ቀን ሳይፈራ ቢነቃ ጀልባውን ሸጦ ቤቱ ይገባል። አንድ ወዳጁ ሳይፈራ ባሕር ወጥቶ እንዳልተመለሰ ነገረኝ። ከዚያ ትከሻዬን መታ አደረገና፦ «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ታምራት። ምሰሶውን አንቺ ስለሠራሽ እኔ ዛሬ ትንሽ ብቻ ፈራሁ።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፤ ከንጋቱ 12 ሰ.

ብርሃን ሆኗል። ከጀልባው ራቅ ብዬ፣ ዳርቻው ላይ ተቀምጫለሁ።

በስተቀኜ ጥጆቹ ናቸው። የሎቡዋ እኅት እግራቸውን በልጥ አስራ ውኃው ጫፍ ላይ አሰልፋቸዋለች። አንዱ መቆም አቅቶት ተኝቷል፤ እርሷ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ደንገል ታጎርሰዋለች። ወደ እኔ እያየች ትስቃለች። ወዳጅዋ ነኝና አልተጠራጠረችም።

በስተግራዬ ሚስተር ያን ሸራውን ከከረጢቱ እያወጣ ነው። ያፏጫል። እርሱም አልተጠራጠረም።

ነፋሱ ከትናንቱ ይበረታል። ደንገሉ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል።

ምሰሶው ከወረደ ጀልባው ሰፊ ነው፤ ጥጆቹ በሁለት ምልልስ ተሻግረው ያልቃሉ። በዚህ ነገር ላይ ሌት ሙሉ አስቤአለሁ። እንዲህ የማስበው ለጥጆቹ አዝኜ ነው ወይስ ገላጣውን ፈርቼ? አላውቅም። ምናልባት ፈርቼ ነው። ቢሆንም ፍርሃቴ እውነቱን ነው የሚናገረው፤ እንጨቱ እርጥብ ነበር፣ ጠፍሩም እርጥብ ነው፣ የሠራሁትም እኔ ነኝ። ጋሽ ብርሃኑ ቢያባርረኝ ደረቅ መሬት ላይ እባረራለሁ።

ሚስተር ያን እየጠራኝ ነው። «ታምራት! ምሰሶው ዝግጁ ነው? እንሂድ?»

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ቃሉን ለሰው ብዬው ስለማላውቅ አፌ እንዲለምደው አስቀድሜ እዚህ እጽፈዋለሁ።

አይሆንም።

አይሆንም፣ ሚስተር ያን። ምሰሶው ተሰንጥቋል፤ ና ላሳይህ።

ሁለተኛ እየጠራኝ ነው። ምሰሶውን የማወርድበትን የብሎን መፍቻ ይዣለሁ። እየሄድሁ ነው።