ስለ ኒምኮ እጆችና ስለ ወርቅ ማንጠሪያው ግቢ

ለተከበሩ የአየርና አፈር ደኅንነት ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጅግጅጋ

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ድድዎ ሳይደማ እህል እንዲቀምሱ፣ ጎንዎን ሲያሳርፉም እንቅልፍ እንዳይነሳዎ ፈጣሪን እየለመንን፣ እኛ የወርቅ ማንጠሪያው ጎረቤቶች ስላደረጉልን ሁሉ በአደባባይ ልናመሰግንዎ ወደድን።

፩ኛ/ ከግንቡ ማዶ ወርቅ ሜርኩሪ ከሚሉት ባዜቃ ጋር እየተቃጠለ ጭሱ በመስኮታችን ሲገባ፣ አፋችን ብረት ብረት ሲለን አቤት ብለን ነበር። አፍንጫዎን በመሐረብ ሸፍነው መጥተው፣ ከበሩ ሳያልፉ «ምንም አይሸትም» ብለውናል። በመሐረብ ውስጥ አጣርቶ የሚያሸት አፍንጫ ለሰጠዎ አምላክ ምስጋና ይግባው።

፪ኛ/ ግድግዳ የምንጋራት ኒምኮ ለከተማው ሙሽሮች ሂና የምትስል ነበረች። መጀመሪያ እጇ እየተንቀጠቀጠ መስመሩ ተጣመመባት፤ ቀጥሎ የሻይ ብርጭቆ መያዝ አቃታት፤ በኋላም የገዛ ልጇን ሂንዳን እያየች «ይቺ ልጅ የማን ናት?» ትለኝ ጀመር። ሂንዳ እናቷ ፊት አታለቅስም፤ እኔ ቤት መጥታ ነበር የምታለቅሰው። ሐኪሙ የሜርኩሪ መርዝ ነው ቢልም ጽሕፈት ቤትዎ ጂን ነው ስላለን፣ ቁርአን አስቀራንላት፣ እኔም ጠበል አመጣሁላት። ጂኑ ግን ምድጃው በተለኮሰ ቀን ብቻ የሚበረታ፣ ሥራውን አክባሪ ሆኖ አገኘነው። ኒምኮን በረመዳን ቀበርናት። ሂንዳ ስትዳር ሂና የሚስልላት ሌላ ሰው አልፈለገችም፤ እጇን ባዶውን ይዛ ከቤት ወጣች።

፫ኛ/ ባለማንጠሪያው ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ፣ አፈሩ ሳይጠረግ ግንቡ ብቻ ሰማያዊ ተቀብቶ መዋዕለ ሕፃናት እንዲሆን ፈቀዱልን። ጠዋት ጠዋት ሕፃናቱ እዚያ አፈር ላይ ሲዘምሩ እንሰማለን። ከመካከላቸው የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይኖር እንደሆነ ጆሯችንን ጥለን እናዳምጣለን።

ከማይጠፋ አክብሮት ጋር፣ በሚያስሉ ጎረቤቶቿ ሁሉ ስም እጅ የምትነሳዎት፣
ጥሩአየሁ ባስልዮስ፣ ከግንቡ ወዲህ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰሞኑን ሕፃናቱ ከአፈሩ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ጠብታ አግኝተው በመዳፋቸው ሲያንከባልሉ ደርሰን ነጠቅናቸው። በብልቃጥ ይዘን ወደ ቢሮዎ ብንመጣ ጸሐፊዎ ከወንበራቸው ዘለው ተነሥተው፣ «ኧረ መርዝ ነው! ወዲህ እንዳታስገቡት፣ ሰው አለ!» አሉን። ሰው የሚገኘው የት እንደሆነ ስላሳወቁን ከልብ እናመሰግናለን።