የመምህርት ገበያነሽ ወሰኔን ዕረፍትና የኦ-ክፍል ሕፃናትን በተመለከተ

እኛ በመሐል ሜዳ የገብስ ሜዳ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራንና ሠራተኞች፣ የኦ-ክፍል መምህርታችን ገበያነሽ ወሰኔ ባደረባቸው ሕመም በደብረ ብርሃን ሲታከሙ ቆይተው ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ማረፋቸውን የምንገልጸው ልባችን ተሰብሮ ነው። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ በትውልድ ቀያቸው በዘመሮ ተፈጽሟል።

መምህርት ገበያነሽ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አንደኛ ክፍል ያልደረሱ ሕፃናትን አስተምረዋል። ወንበር ስላልነበረ እያንዳንዱ ሕፃን የሚቀመጥበትን አጎዛ ከቤቱ ይዞ ይመጣ ነበር። እሳቸውም የክፍሉን ልክ በዚሁ ወሰኑ፤ አጎዛ በአጎዛ ላይ መደረብ ከጀመረ ክፍሉ ሞልቷል ማለት ነው። ልኩ ሠላሳ ሕፃናት ሆነ።

በ2010 ዓ.ም. ለጉብኝት የመጣ ቡድን «የአጎዛ ልክ» የሚለውን አነጋገር ከወላጅ የሚሰበሰብ መዋጮ አድርጎ በመረዳቱ ማብራሪያ እንዲሰጡ ተጠይቀዋል። ሰጥተዋልም። ቡድኑ ስቆ ተመለሰ፤ ተጨማሪ ክፍል ግን አልተሠራም።

የሕፃናቱ ቁጥር ከልኩ ሲያልፍ በር ላይ ቆመው ከርእሰ መምህሩ ጋር ይሟገቱ ነበር። ልጁን ይዞ የሚመለስ ወላጅ ሲያዩ ደግሞ ፊታቸውን አዙረው ያለቅሱ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ተመዝጋቢው ስልሳ ሲደርስ ለወላጆች ስብሰባ ያሰሙት ቃል አይረሳንም። በስሙ ጠርተው ፊቱን ያላዩት ልጅ ትምህርት ቤት ውሏል እንደማይሉ ተናገሩ። ወላጆችም አሮጌ የእህል መጋዘን አጽድተው፣ ጣራውን ጠግነው ሌላ መማሪያ ክፍል አደረጉት። መምህርት ጽናት አፈወርቅም ግማሾቹን ሕፃናት ተረከቡ።

ምትክ መምህር እንዲመደብ ብንጠይቅም እስካሁን አልተገኘም። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ የዘንድሮዎቹም ስልሳ ሕፃናት በሙሉ በአንድ ክፍል፣ በመምህርት ጽናት ሥር ይማራሉ። መምህርት ገበያነሽ ቢኖሩ ይህን እንደማይቀበሉ እናውቃለን። እናፍራለን፤ ሌላ መላ ግን አላገኘንም።

ለባለቤታቸው ለአቶ ምንይሉ አዳነ፣ ለልጆቻቸውና ለባልደረቦቻቸው ፈጣሪ ብርታቱን እንዲሰጥ እንለምናለን።

ወላጆችንም አንድ ነገር እንለምናለን። ሕፃናቱ እትዬ ገበያነሽ መቼ ይመጣሉ እያሉ በየማለዳው ይጠይቁናል። ከቀብር መልስ ዓርብ ከሰዓት በኋላም አሟቸዋል፣ ይመጣሉ አልናቸው። እባካችሁ፣ ከሰኞ በፊት በየቤታችሁ እውነቱን ንገሩልን። እኛ አቅቶናል።